ጭዱና ቦታው

በአዲስ አበባ በታላቁ ገበያ በመርካቶ ውስጥ ሸቀጥ ሁሉ የየራሱ ተራ አለው። ሸማው ለብቻው፣ በርበሬው ለብቻው፣ ጎማውም ለብቻው ሲሸጥ ስለ ኖረ ብዙዎቹ ተራዎች ስማቸውን ያገኙት ከመኳንንት ሳይሆን ከዕቃው ነው። ከነዚህ አንዱ ጭድ ተራ ይባላል። መንገደኛ ስሙን ሲሰማ የከብት ቀለብ ብቻ ይታሰበው ይሆናል። ነገር ግን ጭድ በከተማችን ታሪክ ከብትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም አገልግሏል፤ የድኻው ፍራሽ በርሱ ተሞልቷል፤ ከዚያም ይልቅ ቤቱ በርሱ ተሠርቷል። ስለዚህ ስለ ቤት መሸጥና መግዛት ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ ነገሬን ከቤተ መንግሥት ወይም ከማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ከጭድ ተራ ልጀምር ወደድሁ።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ያውቀዋል። አስቀድሞ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ ማገሩ ይታሰራል ወይም በሚስማር ይመታል፤ ከዚያ አፈር ተቆፍሮ በውሃ ይርስና የጤፍ ጭድ እየተነሰነሰበት በእግር ይረገጣል። ጥቂት ቀን እንዲቦካ ይተውታል። ከቦካ በኋላ እንደ ገና ተረግጦ ከግድግዳው ላይ ይመረጋል። ጭዱ ባይኖር ጭቃው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ይወድቅ ነበር፤ ጭዱ ግን እርስ በርሱ አያይዞ ያቆመዋል። እኔም በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች ጋራ ጭቃ ረግጫለሁ፤ ማታ እግራችንን ስንታጠብ ጭዱ ከጣቶቻችን መካከል አልወጣ ይለን ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ እንዲህ ያለው ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? እንጨቱ፣ ጭቃው፣ ጭዱና ቆርቆሮው አንድ ላይ ቢገመት ዋጋው የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን ግን በመርካቶ አካባቢ ግድግዳው ያዘመመ አንድ ቤት በሚሊዮን በሚቈጠር ብር ሲሸጥ እንሰማለን። ሚሊዮኑ የተከፈለው ለጭዱ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅም ይረዳዋል። የተከፈለው ለቦታው ነው። ቦታ አይሸጥም የሚል ሕግ ባለበት አገር ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በጎንደር ዘመን የርስትና የቤት ሽያጭ ይጻፍ የነበረው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ሻጩ ማን እንደ ሆነ፣ ገዢው ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ወርቅ እንደ ተከፈለ ይጻፍና ከዚያ በኋላ የምስክሮቹ ስም ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ የምስክሮቹ ስም ዝርዝር ከውሉ ቃል ይረዝማል። የዚያን ዘመን ሰዎች ከኛ ይልቅ ንጹሐን ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ንጹሐን ቢሆኑ ያን ያህል ምስክር ባላስፈለጋቸው። ነገር ግን የሚሸጠውን ነገር በስሙ ይጠሩት ነበር። ርስት ከሆነ ርስት ብለው፣ ቤት ከሆነ ቤት ብለው ይጽፉት ነበር።

አዲስ አበባ ግን የተወለደችው እንደ ከተማ ሳይሆን እንደ ሰፈር ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ወርደው በ1879 ዓ. ም. ከተማይቱ ስትቈረቈር፣ መኳንንቱ ሁሉ በተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ቃላችን ራሱ የሠራዊት ማረፊያ ማለት መሆኑን ዛሬ ማን ያስታውሳል? የራስ መኰንን ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር እየተባለ እስካሁን የሚጠራው ከዚያ የመጣ ነው። ጭፍራው በጌታው ቦታ ላይ ጎጆውን ይቀልሳል፤ ጎጆው የርሱ ነው፤ መሬቱ ግን የርሱ አይደለም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ከተማይቱ እንኳ ራስዋ እንደ ድንኳን ተነቅላ ልትሄድ ምንም አልቀራት ነበር። የማገዶና የቤት እንጨት ስላለቀ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ሥራው ተጀምሮ ነበር። ያስቀራት በቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። በ1900 ዓ. ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የቦታ ሕግ ወጣ። ቦታ እየተለካ ለባለቤቱ ማስረጃ እንዲሰጠው፣ ባለቤቱም እንዲሸጥና እንዲለውጥ፣ የውጭ አገር ሰዎችም እንዲገዙ ተፈቀደ። ትናንት ለጭፍራ ማስፈሪያ የተሰጠው መሬት ዛሬ የገበያ ዕቃ ሆነ። ለባለ ቦታው ታላቅ ዕድል ነበር። ጎጆውን በዚያ ቦታ ላይ ለቀለሰው ሰው ግን ስለ ጎጆው የተነገረ ነገር ብዙ አልነበረም።

መርካቶ የተባለው ስም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር የከተማ ፕላን አወጣ፤ በአራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ሰው ገበያ ብሎ ሰየመው። አዲስ ከተማ የተባለውም ሰፈር በዚያው ጊዜ የተከለለ ነው። ጠላት በ1933 ዓ. ም. ሲወጣ ፕላኑ ሳይፈጸም ቀረ፤ ገበያው ግን ቀረልን። ሰውን ለማግለል የተለየው ስፍራ ከአገሪቱ ሁሉ ዋጋው እጅግ የተወደደ መሬት መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ያን ፕላን ያወጡት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ከነፃነት በኋላ ከተማይቱ በፍጥነት ሰፋች። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሰው ቦታ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ወይ ቤት ይከራያል፣ ወይም ቦታ ተከራይቶ በገዛ ጭቃውና ጭዱ ቤት ይሠራል። ባለ ቦታው ቦታውን ሲሸጥ ያ ቤት ምን ይሆናል? በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ ነበረው። በሌላ ሰው መሬት ላይ ባለመሬቱ ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል፤ ነገር ግን ባለመሬቱ ካሣ ከፍሎ ሊያስወጣው ይችላል ይላል። የጥንት ሮማውያን በመሬት ላይ የቆመ ሁሉ የባለመሬቱ ነው ይሉ ነበርና፣ በዚህ ሲመዘን የኛ ሕግ ለቤት ሠሪው የተሻለ ነበረ። ይሁን እንጂ ካሣው ለቤቱ እንጂ ለኖረበት ቦታ አልነበረም። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ልጅ የት እንደሚማር፣ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ የት እንዳለ፣ ዕድሩ ከማን ጋራ እንደ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ከቦታው ጋራ የሚሄድ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በሽያጭ ውል ላይ ቦታው ይጻፍ ነበር፤ የማይጻፈው ጭዱና ጭዱን የረገጠው ሰው ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 በዚያ ቀን ታወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሌላው ቤት ትርፍ ተባለ። ለግል ሰው ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ተከለከለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የመንግሥትን ኪራይ ቤቶች ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተላለፉ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ለትርፍ ቤት ካሣ ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ ካሣው በተስፋ ቀረ።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርሁ። ዐዋጁ በሬዲዮ በተነገረ ጊዜ በሰፈራችን እልልታ ነበረ፤ ሐሰት መናገር አይገባምና፣ እልልታው የእውነት ነበረ። ብዙ ሰው የወር ኪራይ በደረሰ ቁጥር በር ሲንኳኳ ልቡ ሲመታ የኖረ ነውና። በሰፈሩ ውስጥ ግን አንዲት ባልዋ የሞተባቸው እናት ነበሩ። ከመኖሪያቸው ጋራ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ሠርተው ያከራዩ ነበር፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያ ኪራይ ነው። የነዚያን ክፍሎች ጭቃ ያቦኩት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ክፍሎች ትርፍ ተብለው ወደ ቀበሌ ገቡ። ጋሻ መሬት ያለው መኰንንና ሁለት ክፍል ያላቸው ባልቴት በአንድ ቃል ተጠሩ። እኔ ዐዋጁን በጠቅላላው አላወግዘውም፤ ጥቂት ቤተ ሰቦች አብዛኛውን የከተማ መሬት ይዘው ሌላው በነርሱ ፈቃድ የሚያድርበት ሥርዓት መቅረቱ የሚገባ ነበር። ነገር ግን ትርፍ ማለት ከምን የተረፈ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ማለፉ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ቦታው ይሸጥ ነበር፤ ቤቱ ከቁም ነገር አይገባም ነበር። አሁን ቤቱ ሊሸጥ ይችላል፤ ቦታው ግን የለም ይባላል። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ሲል፣ ሰው በጕልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ግን የመሸጥ፣ የማውረስ፣ በመሬቱ የመጠቀም መብቱም ሲያበቃ ንብረቱን የማንሣት መብት አለው ይላል። ማንሣት የሚለውን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ቆርቆሮው ይነሣል፤ በርና መስኮቱም ይነሣል። ጭዱን ከጭቃው ለይቶ የሚያነሣው ማን ነው?

በ1986 ዓ. ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ በ1994 እና በ2004 ዓ. ም. እየተሻሻለ ሲወጣ ቦታው እንደ ገና ዋጋ አገኘ፤ ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት ነው። ይህ በኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤት ሲሸጥ የኖረው በሊዝ ሲሆን፣ ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱ ወደ ባለመሬቱ ይመለስ ነበር። በሲንጋፖርም መንግሥት ለሕዝቡ የሠራቸውን ቤቶች የሚሸጠው ለ99 ዓመት ነው። ልዩነቱ በዚያ ገዢው የሚገዛው የዓመታት ቍጥር መሆኑን ወረቀቱ በግልጥ ይነግረዋል። በኛ አገር ግን የ2004ቱ ዐዋጅ ነባር ይዞታ ያለ ውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥርዓት ይያዝ ሲል፣ አያሌ ገዢዎች የአባት ርስት የገዙ መስሏቸው ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ የመንግሥት ሊዘኛ መሆናቸውን የሰሙት ስም ሊያዛውሩ በሄዱ ጊዜ ነው።

በ2007 ዓ. ም. በሊዝ ጨረታ በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ዋጋ ቀረበ። አንድ ካሬ ሜትር ማለት አንዲት እናት ከነሰፌድዋ የምትቀመጥበት ያህል ነው። በዚያው ከተማ ሰው ለልማት ሲነሣ ለቤቱ የሚሰጠው ካሣ በ1997 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ የሚሰላው ተመሳሳይ ቤት ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነበር። የጭቃ ቤት ከሆነ የጭቃ ቤት ወጪ ነው። ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል፤ በ2011 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅም ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ እንዲታሰብ ማድረጉን ሳልናገር ባልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነገር ግን ሒሳቡን ልብ ይበሉ፤ ለተነሺው ሲከፈል ሚዛን ላይ የሚወጣው ጭዱ ነው፤ ለአዲሱ ሰው ሲሰጥ ሚዛን ላይ የሚወጣው ቦታው ነው። አንዱ ነገር ሲገዛ በአንድ መስፈሪያ፣ ሲሸጥ በሌላ መስፈሪያ ከተሰፈረ፣ በእህል ገበያ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

በዳር ከተማው ያለው ነገር ከዚህ አይለይም። ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ለባለ ዕጣዎች ሲሰጡ እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጡ ተከልክሎ ነበር። ሰው ግን ቅድሚያ ክፍያው ሲከብደው፣ ወይም መንገዱ ከሥራው ሲርቀው ሸጠው። ወረቀቱ አንዳንዴ ብድር ይላል፤ አንዳንዴ ውክልና ይላል፤ አንዳንዴም ኑዛዜ ይላል። ገና ያልሞተ ሰው፣ ዘመዱ ላልሆነ፣ ትናንት በደላላ ላወቀው ሰው ቤቱን ሲናዘዝ! በመርካቶም የቀበሌ ሱቅ የያዘ ሰው ሱቁ የርሱ ስላልሆነ ሱቁን አይሸጥም፤ ቁልፉን ይሸጣል። ቁልፍ ሸጠ ሲባል የሰማ እንግዳ ስለ ብረት ቁራጭ የሚነገር ይመስለዋል።

ከላይ ያነሣኋቸው እናት ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ቤቱን ወርሳ ለመሸጥ በተነሣች ጊዜ ምስክር እንድሆን ጠየቀችኝ። «ጋሼ፥ እርስዎ እማማን ያውቋቸዋል፤ ይፈርሙልን» አለችኝ። ውሉን ሳነበው የተጻፈው ዋጋ ከሚከፈለው ሲሦ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱን ስጠይቅ ደላላው በትሕትና አስረዳኝ፤ ለቴምብር 2 በመቶ አለ፣ የስም ማዛወሪያ አለ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው አለኝ። እኔም ለገዢው፣ «ልጄ፥ ነገ ይህ ውል ቢፈርስ የሚመለስልህ የተጻፈው ነው፤ የቀረውን ከማን ትጠይቃለህ?» አልሁት። ልጅቱንም፣ «እናትሽ ጭቃውን ያቦኩት በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ እያያቸው ነው፤ ዋጋውን ለምን በጨለማ ትቀበያለሽ?» አልኋት። ሙሉው ካልተጻፈ አልፈርምም አልሁ። ልጅቱ አቀረቀረች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሕክምና ዕዳ ነበረባት። ገዢውም ሌባ አልነበረም፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ደላላው ግን ጊዜ አላባከነም፤ የተፈላው ቡና ሁለተኛው ሳይቀዳ ከአጥር ውጭ ሌላ ምስክር ይዞ ገባ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው ይላል፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ዘንድ መመዝገብ አለበት የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ፍርድ ቤቶቻችን ስንት ዓመት ተከራክረውበታል። ሕግ አውጪው ጽሑፍን የፈለገው ጽሑፍ እውነትን ይይዛል ብሎ ነው። የጎንደር ሰዎች በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ሲጽፉ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ጽሑፉ ራሱ ለመሸሸግ የሚጻፍበት ዘመን ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን ያለ አይመስለኝም። ሦስት ነገር በአንድ ውል ውስጥ ተሸሽጎ አየሁ፤ ዋጋው ተሸሸገ፣ ቦታው ተሸሸገ፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሰዎችም ተሸሸጉ።

ስለ ነዚህ ሰዎች ልናገርና ላብቃ። በ1967 ዓ. ም. ትርፍ በተባሉት በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ሁለት ቤተ ሰቦች ከነልጅ ልጆቻቸው ይኖራሉ። ለቀበሌ የሚከፍሉት ኪራይ ዛሬ አንድ ኪሎ ቲማቲም አይገዛም። ቤቱ የነርሱ አይደለም፤ የባልቴቲቱም አይደለም። አዲሱ ገዢ ፎቅ ሊሠራ አስቦ መሐንዲስ አምጥቶ አስለካ። መሐንዲሱ የመካከሉን ግድግዳ በጣቱ ፈቅፈቅ ቢያደርገው ምርጊቱ ተላጠና ጭዱ ብቅ አለ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖትም ገና ቢጫ ነው። ግድግዳው ለሦስቱም ቤት አንድ ስለ ሆነ፣ የገዢው ወገን ሲፈርስ የሌሎቹም ቤት እንደሚወድቅ መሐንዲሱ ተናገረ። ገዢው ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስለ ግድግዳው ጠየቀ፤ ካርታው ወጥቶ ታየ። ካርታው ቦታውን እስከ ግድግዳው ድረስ ያሳያል፤ ግድግዳው ራሱ የማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ጎረቤቶቹም አንድ ቀን ማታ መጥተው በግድግዳው ሥር ቆመው፣ «ጋሼ፥ ይህን ጭቃ ያቦኩት ማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። የባልቴቲቱን ስም ነገርኋቸው፤ ጭዱም ከጭድ ተራ በአህያ ተጭኖ እንደ መጣ ነገርኋቸው። ያንን በወረቀት ጽፌ እንድሰጣቸው ለመኑኝ፤ ጻፍሁላቸው፣ ፈረምሁበትም።